ከአማኝነት ወደ ታማኝነት፦ በጅግጅጋ እምነትን በሥራ ለመኖር 8 ደረጃዎች

በየዓመቱ የታኅሣሥ ገብርኤል ሲቃረብ ቤተሰባችን ወደ ቁልቢ ይነሣል። ካራማራን ወጥተን፣ ባቢሌን አልፈን፣ ሐረርን ተሻግረን እንሄዳለን። የቤታችን ቁልፍ ግን ጅግጅጋ ይቀራል። የሚቀመጠው ከአጥራችን ወዲያ በሚኖሩ አንዲት የሶማሌ እናት ዘንድ ነው። «ኤዶ» እንላቸዋለን፤ በሶማልኛ የአባት እኅት ማለት ነው፣ ትልልቅ እናቶችም በአክብሮት ይጠሩበታል። ቁልፉን ይቀበሉና በሻሻቸው ጫፍ ይቋጥሩታል። ቋጠሮውን ጠበቅ እያደረጉ አንድ ቃል ብቻ ይላሉ፦ «አማኖ»። አደራ ማለታቸው ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ቤታችን አሳብ አይገባንም።

ይህን ቃል ለብዙ ዓመት እየሰማሁ አልፌዋለሁ። አንድ ቀን ግን ቆም ብዬ አሰብሁት። «አማኖ» ከዐረብኛ ወደ ሶማልኛ የገባ ቃል ሲሆን ሥሩ ከእኛው «አመነ» ጋር አንድ ነው። እምነት፣ አማኝ፣ ታማኝ፣ አመኔታ፣ በጸሎታችን መጨረሻ የምንለው አሜንም ከዚሁ ሥር የበቀሉ ናቸው። ስለዚህ አማኝና ታማኝ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ልዩነታቸው ይህ ነው፦ አማኝ ነኝ የምለው እኔ ነኝ፤ ታማኝ ነው የሚለኝ ጎረቤቴ ነው። አንዱን በራሴ አፍ አገኘዋለሁ፣ ሌላውን በሌላ ሰው ምስክርነት ብቻ።

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ከሶማሌ ክልል ሕዝብ ከ100 ሰው 98ቱ ሙስሊም ነው። በጅግጅጋ፣ በቀብሪበያህ፣ በቶጎ ውጫሌ፣ በአውበሬ፣ በሽንሌ ወይም በኤረር የምንኖር ክርስቲያኖች ጥቂት ነን። የጥቂት ሰው እምነት በድምፅ ብዛት አይታወቅም፤ በውሎው ይታወቃል። ጎረቤታችን መጽሐፋችንን አይገልጥ ይሆናል፣ እኛን ግን በየቀኑ ያነብበናል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ይህን ውሎ አንድ በአንድ ለመሥራት የሚረዱ ናቸው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶም የወንጌላውያንም ሆነ የካቶሊክ ምእመን ሊሠራባቸው ይችላል።

ለመጀመር የሚያስፈልግዎ ጥቂት ነው፦ አንድ ደብተር፣ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ አካሄድዎን የሚነግሩት የንስሐ አባት፣ መጋቢ ወይም የጸሎት ወዳጅ። ሁሉንም ደረጃ በአንድ ጊዜ አይጀምሩ። አንዱን ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ከሠሩ በኋላ ወደ ሚቀጥለው ይሂዱ።

ደረጃ 1፦ ከሰሙት ቃል አንዱን ወደ ሥራ ይለውጡ

ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ 2ኛ ምዕራፍ ላይ የተራበና የታረዘ ወንድሙን «በደህና ሂድ» ብሎ በምርቃት ብቻ የሚሸኝን ሰው ይወቅሳል። እምነት በሥራ እንደሚታይም አብርሃምን ምሳሌ ያደርጋል። በኦሪት ዘፍጥረት 22ኛ ምዕራፍ የአብርሃም እምነት የሚታየው ማልዶ በመነሣቱ፣ አህያውን በመጫኑ፣ እንጨቱን በመፍለጡ ነው። መታመኑ በልቡ ነበረ፤ እጁ ግን መጥረቢያ ይዞ ነበር።

እንዲህ ያድርጉ፦

ሀ. እሑድ ከቅዳሴ ወይም ከአምልኮ ሲመለሱ ከተነበበው ወይም ከተሰበከው አንድ ትእዛዝ ብቻ ይምረጡ።

ለ. በደብተርዎ ሦስት ጥያቄዎችን ይመልሱ፦ ለማን? ምን? መቼ? «ሰውን መውደድ አለብኝ» የሚለው ገና ሥራ አልሆነም። «ረቡዕ ከሥራ ስመለስ እግሩ የተሰበረውን የውሃ ጋሪ ነጂ ቤቱ ሄጄ እጠይቃለሁ» የሚለው ግን ሥራ ነው።

ሐ. ሥራው በሳምንቱ ውስጥ ሊያልቅ የሚችል ትንሽ ይሁን። ትልቅ ስእለት ተስሎ ከመርሳት ትንሹን መፈጸም ይሻላል።

መ. የጻፉትን በጸሎት ለእግዚአብሔር ያቅርቡና ቀኑ ሲደርስ ስሜትዎን ሳይጠብቁ ይነሡ። ፍቅር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሄዱ በኋላ ነው።

ደረጃ 2፦ ፍርሃትዎን አይሸሽጉ፤ የእርስዎን ድርሻ ይለዩ

ስለ መታመን በጅግጅጋ ሲወራ ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም.ን ዘልሎ ማለፍ አይቻልም። በዚያ ቀንና በተከታዮቹ ቀናት በከተማዋና በሌሎች የክልሉ ከተሞች አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፣ ካህናትና ምእመናን ተገድለዋል፣ ሱቆችና ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ብዙ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል። በዚያው ቀን ደግሞ የክርስቲያን ጎረቤቶቻቸውን በጓዳቸው ደብቀው ያተረፉ የሶማሌ ቤተሰቦች ነበሩ። ሁለቱንም ማስታወስ ይገባል። የመጀመሪያውን ብቻ የሚያስታውስ በምሬት ይኖራል፤ ሁለተኛውን ብቻ የሚያወራ ሐዘንተኛውን ያቆስላል።

ስለዚህ «እምነት ካለህ አትፈራም» ብለው ራስዎንም ሌላውንም አይገሥጹ። ይልቁን አንድ ገጽ ለሁለት ይክፈሉ። በአንዱ ወገን «የእግዚአብሔር ድርሻ»፣ በሌላው «የእኔ ድርሻ» ብለው ይጻፉ። የሰዎች ልብ፣ የነገው ቀን፣ የሞቱት ወገኖቻችን ዕረፍት በመጀመሪያው ወገን ይገባሉ። እነዚህን በጸሎት ይስጡና በየቀኑ እየመለሱ አይውሰዷቸው። በሁለተኛው ወገን በእጅዎ ያለውን ያስፍሩ፦ የልደትና የትምህርት ማስረጃዎችን ቅጂ ከሌላ ከተማ ዘመድ ዘንድ ማስቀመጥ፤ ቤተሰቡ ቢበታተን የት እንደሚገናኝ መነጋገር፤ የሁለት ጎረቤትና የአንድ የአገር ሽማግሌ ስልክ በወረቀት ጽፎ መያዝ፤ ካዘኑት ጋር መቀመጥ።

ጥንቃቄ እምነት ማጣት አይደለም። ጌታችን ከመቅደሱ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር በተፈተነ ጊዜ እምቢ ብሏል። እንቅልፍ የሚነሣ፣ ሥራ የሚያስፈታ ፍርሃት ካለብዎ ደግሞ ከጸሎቱ ጎን ሐኪም ያማክሩ። እግዚአብሔር በሐኪም እጅም ይሠራል።

በመጨረሻም ለከተማዋ በስሟ ይጸልዩ። ነቢዩ ኤርምያስ በባቢሎን ላሉት ምርኮኞች በጻፈው ደብዳቤ፣ በ29ኛው ምዕራፍ፣ ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ለሚኖሩባት ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ መክሯቸዋል። ምርኮኞች እንዲህ ከታዘዙ፣ በጅግጅጋ ተወልደን በጅግጅጋ አፈር ላይ የቦረቅን ልጆቿ እንዴት አንጸልይላትም?

ደረጃ 3፦ በስም፣ በሰላምታና በቋንቋ ይቅረቡ

ለ20 ዓመት በአንድ ሰፈር ኖረን የጎረቤታችንን ስም የማናውቅ አለን። «እነዚያ» ብለን የምንጠራውን ሰው መውደድ ከባድ ነው። ከስም ይጀምሩ። የሶማሌ ስም አወጣጥ ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ይከተላል። ስለዚህ የጎረቤትዎን ስም ከነአያቱ መጠየቅ ለሁለታችሁም እንግዳ ነገር አይሆንም።

በመጀመሪያው ወር እነዚህን ይልመዱ፦

«ነበድ ሚያ?» ሰላም ነው? ማለት ነው። መልሱ «ዋ ነበድ» ይባላል።

«ኢስካ ወረን?» እንዴት ነህ፣ እንዴት ነሽ ማለት ነው፤ በቀጥታ ሲፈታ «ስለ ራስህ አውራኝ» ይላል።

«መሐድሰኒድ» አመሰግናለሁ ማለት ነው።

«ወላል» ለእኩያ፣ «አዴር» ለትልቅ አባት፣ «ኤዶ» ለትልቅ እናት መጥሪያ ነው።

«ዒድ ወናግሰን» በዒድ ጠዋት የሚባል የመልካም ምኞት ቃል ነው።

«ሰሚር ኢዮ ኢማን» በሐዘን ቤት የሚባል ነው፤ እግዚአብሔር ትዕግሥትና እምነት ይስጣችሁ የሚል ምኞት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ያጥኑ። «ኢማን» ሲሉ ያው እምነት ማለትዎ ነው።

ለአነጋገርዎ ጥራት አይጨነቁ። በተሰባበረ ሶማልኛ የቀረበ ሰላምታ ልብ ይከፍታል። ወንድ ከሆኑ ለሶማሌ ሴት እጅዎን አስቀድመው አይዘርጉ፤ እጅን በደረት ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለት ይበቃል። በረመዳን ቀን በአደባባይ አይብሉ፣ አይጠጡ። እኛም በዐቢይ ጾም ሥጋ ሲጠበስ የሚሰማንን እናውቀዋለን።

ሞት ሲሰሙ አይዘግዩ። በሙስሊሙ ሥርዓት ቀብሩ ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን ይፈጸማል። «ለነገ» ካሉ አልቆ ይጠብቅዎታል። ቀብሩ ካመለጠዎ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል ወይም አንድ እሽግ ውሃ ይዘው ለማጽናናት ወደ ቤቱ ይሂዱና ዝም ብለው ይቀመጡ። ከንግግርዎ ይልቅ ተቀምጠው መዋልዎ ይታወሳል።

ደረጃ 4፦ አደራን እንደ ጸሎት ይጠብቁ

ጅግጅጋ የንግድ ከተማ ናት። ከቶጎ ውጫሌ በኩል የሚገባው ዕቃ፣ የቁም ከብቱ፣ የሱቁ ዱቤ ሁሉ የሚንቀሳቀሰው በቃል ነው። እዚህ የክርስቲያን ስም የሚከብረውም የሚዋረደውም በሚዛኑና በደብተሩ ላይ ነው። ቅዳሜና እሑድ በቤተ ክርስቲያን ቆሞ ሰኞ በኪሎ 50 ግራም የሚያጎድል ሰው የሰበከውን ሁሉ በገዛ እጁ ይሰርዘዋል።

የሰው ገንዘብ ወይም ዕቃ በአደራ ሲቀበሉ ይህን ቅደም ተከተል ይከተሉ፦

ሀ. በባለቤቱ ፊት ይቁጠሩ፤ እርሱም መልሶ ይቁጠር።

ለ. መጠኑን፣ ቀኑንና የሁለታችሁን ስም በደብተር ይጻፉ። «በመካከላችን ወረቀት ምን ያደርጋል?» ቢባሉ «ሰው ነኝ፤ ብሞት ልጆቼ እንዳይክዱህ ነው» ይበሉ። ይህን መልስ ሰምቶ የሚቀየም ሰው የለም።

ሐ. ከራስዎ ገንዘብ ጋር አይቀላቅሉት። ተበድረው ለመመለስ ቢያስቡ እንኳ ሳይጠይቁ አይንኩት። አደራ የሚበላው ሁልጊዜ «ነገ እተካዋለሁ» ተብሎ ነው።

መ. ከቤተሰብዎ አንድ ሰው ይወቀው።

ሠ. በቀጠሮው ቀን ሳይጠየቁ ይመልሱ። ማድረስ ካልቻሉ ከቀጠሮው በፊት ደውለው ይናገሩ። ስልክ ከማጥፋት ይልቅ «አልሞላልኝም» ማለት ክብር አለው።

ባለ ሱቅ ከሆኑ ሚዛንዎን በወር አንድ ጊዜ በታወቀ ክብደት ይፈትሹ። ደንበኛ የረሳውን መልስ በፖስታ አድርገው ቀኑን ይጻፉበትና ያስቀምጡ። ሠራተኛ ካለዎት ደመወዙን በቀኑ ይክፈሉ። ያዕቆብ በ5ኛው ምዕራፍ የተከለከለ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ይናገራል። ጮኾ ከመሰማቱ በፊት ይክፈሉ።

ደረጃ 5፦ ማዕዱን በግልጽነት ያሰናዱ

በአገራችን ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው ሲኖሩ የሥጋ ነገር ሁልጊዜ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በልማዳችን አንዱ የሌላውን ዕርድ አይበላም። ይህን እንደ እንቅፋት ከማየት እንደ መከባበሪያ መንገድ መያዝ ይቻላል፤ አባቶቻችንና እናቶቻችንም ይህን ሲያደርጉ ኖረዋል።

እርስዎ ደጋሽ ከሆኑ ለሙስሊም እንግዶችዎ የሚሆነውን ፍየል ወይም በግ ራሳቸው እንዲባርኩ አስቀድመው ሽማግሌ ይጥሩ። ድስቱ፣ ቢላዋው፣ ጭልፋው የተለየ ይሁን፤ ቢቻል ከእነርሱው ቤት ይምጣ። ምግብ የሚሠሩትም ከእነርሱው ወገን የሆኑ እናቶች ቢሆኑ እንግዳው ሳይጠራጠር ይበላል። ቦታውን ከመጠጥ ያርቁ። «ምንም አይነካውም፣ ብሉ» ብሎ ማሳሳት ትልቅ በደል ነው። የአንድ ጊዜ ማታለል የ30 ዓመት ጉርብትና ያፈርሳል።

እንግዳ ከሆኑ ደግሞ ከመሄድዎ በፊት ይናገሩ። «ኤዶ፣ በዒድ እመጣለሁ፤ ሥጋ እንደማልበላ ግን ያውቃሉ» ማለት አሳፋሪ አይደለም። በትሪው ዙሪያ ተቀምጠው ሥጋ የሌለበትን፣ ተምርና ፍራፍሬውን ይቋደሱ። ጾም ከሆነ ሻይዎ ያለ ወተት እንዲሆን ይንገሩ፤ የሶማሌ ሻይ ብዙ ጊዜ በወተት ስለሚፈላ ከቀረበ በኋላ መመለሱ ያስቀይማል። ባዶ እጅዎን አይሂዱ፤ ለልጆቹ ብርቱካን ወይም ለስላሳ ይያዙ።

በአፍጥር ሰዓት አንድ ሳህን ተምርና የታሸገ ውሃ ወደ ጎረቤት መላክ በጥቂት ገንዘብ የሚደረግ ነገር ነው። በገና ማግስት ሳህኑ ሞልቶ ሲመለስ ያዩታል።

ደረጃ 6፦ በጂላል ውሃ ያካፍሉ

ሶማሌዎች ረጅሙን የበጋ ደረቅ ወራት ጂላል ይሉታል። በከተማዋ ቧንቧ ሳይመጣ የሚቆይበት ጊዜ አለ። ያኔ የአህያ ጋሪ ቢጫ ጀሪካን ተሸክሞ ከቤት ቤት ይዞራል። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ለአንድ ደካማ እናት ከውሃውና ከዕለት ጉርሷ አንዱን የሚያስመርጥ ዋጋ ሊያወጣ ይችላል። በገጠሩ ደግሞ ዝናብ የሚጠራቀምበት ብርካ ሲደርቅ ከብቱም ሰውም ይጎዳል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተከታታይ 5 የዝናብ ወቅቶች በመክሸፋቸው በክልሉ የብዙ አርብቶ አደሮች ከብት አልቋል።

በዘፍጥረት 26ኛ ምዕራፍ ይስሐቅ የአባቱን ጉድጓዶች መልሶ ይቆፍራል። የጌራራ እረኞች በመጀመሪያው ጉድጓድ ተጣሉት፣ ተወው። በሁለተኛው ተጣሉት፣ ተወው። በሦስተኛው አልተጣሉትምና ስፋት የሚል ትርጉም ያለውን ርኆቦት የሚባል ስም አወጣለት። የሰጠው አምላክ ነገም እንደሚሰጠው ስላመነ ነው ጉድጓድ መተው የቻለው። በእግዚአብሔር መታመን እጅን የሚፈታው እንዲህ ነው።

በግል፦ ታንከር ወይም ሮቶ ካለዎት በሳምንት አንድ ቀን ወስነው ለአንድ ችግረኛ ቤት ሁለት ጀሪካን ይመድቡ። ቀኑ የታወቀ ይሁን፤ ተቀባዩ በየጊዜው እየመጣ እንዳይለምንዎት።

በማኅበር፦ የጽዋ ማኅበር፣ ዕድር፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወይም የሕብረት አባል ከሆኑ በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ለብቻው ያስቀምጡ። ጂላል ሲብስ ተቀባዮችን የሚመርጡት የቀበሌው ሰዎችና የሰፈሩ እናቶች ይሁኑ፤ የተራበውን ቤት ከማንም በላይ የሚያውቁት እናቶች ናቸው። ሃይማኖት አይጠየቅ። ስማቸው ይመዝገብ፤ ፎቶግራፍ ግን አይነሣ። ወጪውንና ገቢውን ለአባላት በጽሑፍ ያስታውቁ። ሙስሊም ጎረቤቶችዎ በዘካቸው የሚረዱትን ቤት ጠይቀው ካወቁ፣ ማኅበርዎ ላልተደረሰለት ቤት ይደርሳል።

ለዚህ አካባቢ እንግዳን መቀበል አዲስ አይደለም። በ1980 ዓ.ም. ከሰሜን ሶማሊያ ጦርነት የሸሹ ሰዎች በሐርትሼክ ሠፍረው እስከ 1996 ዓ.ም. ቆይተዋል፤ የቀብሪበያህ መጠለያም ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ ስደተኞችን ይዟል። እንጨትና ውሃ አጥሮት ሳለ ከስደተኛ ጋር በተካፈለ ሕዝብ መካከል ስንኖር፣ ስለ ልግስና ከማስተማራችን በፊት የምንማረው አለ።

ደረጃ 7፦ በወሬ ቀን ቆም ይበሉ

«ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይላሉ አባቶች። ክፉ ቀን የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ነው፤ የተቆረጠ ቪዲዮ፣ ስም የሌለው የድምፅ መልእክት። በዚያች ሰዓት እምነትዎ በአንድ ጣት ላይ ይንጠለጠላል።

ሀ. መልእክቱን ለማንም ሳያስተላልፉ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ይድገሙ። ያች ደቂቃ ብዙ ታድናለች።

ለ. በቦታው ለሚኖር፣ በስም ለሚያውቁት ሰው ይደውሉ። ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም አንድ አንድ ይጠይቁ።

ሐ. እውነት ሆኖ ከተገኘ ለአካባቢው ፖሊስ፣ ለደብሩ አስተዳዳሪና ለሰፈሩ ሽማግሌ ያሳውቁ። ሶማሌው ሔር የሚባል የቆየ የሽምግልና ሕግ አለው። ኡጋስ፣ ገራድ፣ ሱልጣን የሚባሉ የባህል መሪዎቹ ቃላቸው ይሰማል። በሰላሙ ጊዜ ያልተዋወቁትን ሽማግሌ በጭንቁ ቀን ፈልገው አያገኙትም፤ ስለዚህ ዛሬ ሄደው ሻይ ይጠጡ።

መ. ሐሰት ከሆነ ወሬውን ላመጣልዎ ሰው ብቻ በእርጋታ ይንገሩት። በአደባባይ አያዋርዱት።

ሠ. የፈራ ሰው ቢመጣ በርዎን ይክፈቱ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ615 አካባቢ የአክሱሙ ንጉሥ ከመካ የተሰደዱትን የነቢዩ መሐመድን ተከታዮች ተቀብሎ፣ አሳልፈህ ስጠን ያሉትን መልእክተኞች እጅ መንሻቸውን መልሶ አሰናብቷል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ይህን ታሪክ በፍቅር ያወራሉ። የክርስቲያን ንጉሥ አደራ 1400 ዓመት ሲወራ ይኖራል።

በደል ደርሶብዎ ከሆነ ደግሞ ይቅርታና ፍትሕ እንደማይጣሉ ይወቁ። ይቅር ማለት ቂምን ከልብ ማውጣት ነው፤ ወንጀልን መሸሸግ ማለት አይደለም። ለሕግ መመስከር ይቻላል። የበደለው የአንድ ሰው ስም እያለ ግን መላውን ሕዝብ መክሰስ ሐሰተኛ ምስክርነት ነው፤ ይህም ከአሥርቱ ትእዛዛት በአንዱ ተከልክሏል።

ደረጃ 8፦ ቅዳሜ ማታ ደብተርዎን ይግለጡ

ሳምንቱ ሲያልቅ 15 ደቂቃ ይቀመጡና ሦስት ጥያቄዎችን ይመልሱ። ለመሥራት የጻፍሁትን ሠራሁት? በዚህ ሳምንት በእኔ የታመነ ሰው ማን ነበር፣ አላሳፈርሁትም? የእግዚአብሔርን ድርሻ ስንት ጊዜ ነጠቅሁ?

ያልሠሩትን ሥራ በአዲስ ቀን መልሰው ይጻፉት። ሦስት ጊዜ ከተሻገረ ለንስሐ አባትዎ ወይም ለጸሎት ወዳጅዎ ይንገሩ፤ ብቻዎን አይታገሉ። የሠሩትን ደግሞ ለማንም አያውሩ። ጌታችን ምጽዋትን በስውር እንድናደርግ ያዘዘው ልባችን በጭብጨባ እንዳይጠግብ ነው።

የሚያሰናክሉ ሦስት ስሕተቶች

የመጀመሪያው ቸርነትን መጥመጃ ማድረግ ነው። ለተራበ ሰው ዱቄት ሰጥቶ በዚያው እምነቱን መጠየቅ ዱቄቱንም ወንጌሉንም ያቀልላል። ስለ ተስፋችን ስንጠየቅ በየዋህነትና በአክብሮት እንመልስ፤ ሐዋርያው ጴጥሮስም ያስተማረን ይህንኑ ነው። ያልተጠየቅነውን ውሎአችን ይናገርልን።

ሁለተኛው «እግዚአብሔር ያውቃል» እያሉ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው። ቃሉ እውነት ነው፤ ከሰነፍ አፍ ሲወጣ ግን ማምለጫ ይሆናል።

ሦስተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሁሉን በራስ ትከሻ ተሸክሞ መሮጥ። ጸሎት የሌለው ሥራ በሁለተኛው ጂላል ይዝላል፣ ምስጋና ሲጎድልበትም ይመረራል። ለቅዳሴውም ለዕረፍቱም ጊዜ ይስጡ።

ቁልፉ

ባለፈው ዓመት ኤዶ በቶጎ ውጫሌ በኩል ዘመድ ሞቶባቸው በድንገት መሄድ ነበረባቸው። ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው። በራችንን ሲያንኳኩ ገና ንጋት ነበር፤ እናቴ ነጠላዋን እየደረበች ወጣች። ኤዶ ሻሻቸውን ፈቱና ከቋጠሮው የራሳቸውን ቤት ቁልፍ አውጥተው በእናቴ መዳፍ ላይ አኖሩ። ፍየሎቻቸውን ውሃ እንድናጠጣላቸው ነገሩን። «አማኖ» አሉ።

እናቴ ቁልፉን በነጠላዋ ጥለት ጫፍ ቋጠረችው። ቋጠሮውን ስታጠብቅ አየኋት፤ ልክ እንደ እርሳቸው ነበር። «አሜን» አለች።

ያን ቀን ጠዋት ጀሪካኑን አንሥቼ ወደ ፍየሎቹ ሄድሁ።